የጎረቤት ልጅ የነከሰ ውሻ ይገደል ወይስ ይጠበቅ? የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ በአዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ፣ ግቢ ባለው ቤት ውስጥ ከባለቤታቸው፣ ከእናታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር ይኖራሉ። አራት ዓመት የሆነው፣ ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ ወንድ ውሻ አላቸው፤ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ከአራት ቀን በፊት ሠራተኛዋ ቆሻሻ ልታወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ በወጣችበት ቅጽበት አንድ የዘጠኝ ዓመት የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያነሣ ወደ ግቢው ገባ፤ ሰንሰለቱ እስከ በሩ አጠገብ ይደርስ ስለነበር ውሻው ክንዱን ነከሰው። ሁለት የጥርስ ቀዳዳ የታየ ሲሆን ውሻው አንድ ጊዜ ነክሶ ወዲያው ለቅቆታል። ከዚያ ቀደም ብሎም ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ሱሪ ቀድዷል። ክትባት የወሰደው ቡችላ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤቶች «ዛሬውኑ ይገደል» ይላሉ፤ ባለቤታቸው ሱሉልታ ለሚኖር ዘመድ ሊሰጡት ያስባሉ፤ እናታቸው ደግሞ መግደሉን ነፍስ ማጥፋት ነው ብለው ይቃወማሉ። ጠያቂዋ ከእነዚህ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ከሁሉ በፊት፣ ውሻው ዛሬ መገደል የለበትም። ይህን የምለው ለውሻው አዝኜ ሳይሆን ለተነከሰው ልጅ አስቤ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከአንጎልም ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል። በውሻ ምራቅ ውስጥ ቫይረሱ መገኘት የሚጀምረው የሕመሙ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ እንስሳው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። ስለዚህ ልጁን በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ መታመሙ ወይም መሞቱ አይቀርም፤ በአሥረኛው ቀን እንደ ወትሮው የሚበላ፣ የሚጠጣና የሚጮኽ ከሆነ ግን በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። በዓለም ላይ ለተነከሰ ሰው ሕክምና መመሪያ የሚያወጡ የጤና ድርጅቶች «የ10 ቀን ክትትል» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ጎረቤቶችዎ በቁጣ ተነሥተው ዛሬ ቢገድሉት የልጁ ወላጆች ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸውን መልስ ራሳቸው ያጠፉታል፤ ይህንንም በዚሁ መልክ፣ በትሕትና ሊያስረዷቸው ይገባል።

የልጁ ሕክምና ግን የውሻውን ውጤት የሚጠብቅ አይደለም። ቁስሉ በንክሻው ዕለት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ መታጠብ፣ ከዚያም በአዮዲን ወይም በአልኮል መጽዳት ነበረበት፤ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ከሆነ አራት ቀን ማለፉን ምክንያት ሳያደርጉ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጥርስ ቆዳውን ስለበሳው ጉዳቱ ከቀላሎቹ የሚመደብ ስላልሆነ፣ ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ የሚወጋው ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒትም ይታዘዝለታል። ይህ መድኃኒት በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለምና በመጀመሪያው ቀን ባይገኝ እንኳ የመጀመሪያው ክትባት ከተወጋ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ሊሰጥ እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። ትልልቆች በልጅነታቸው ስለሰሙት፣ ሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ስለሚወጋው መርፌ እያወሩ ወላጆችን ሲያስፈራሩ አያለሁ፤ ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ በጥቂት ዙር የሚሰጥ ነው፤ ውሻው በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም ሐኪሙ ቀሪዎቹን ዙሮች ሊያቋርጥ ይችላል። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ለክትባት የተቀጠረበት ቀን ግን በምንም ምክንያት አይለፍ። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ቀናት ውሻው ከሰውም ከሌላ እንስሳም ተለይቶ፣ ሊያመልጥ በማይችልበት ቦታ ይቆይ፤ በየቀኑም አንድ የታወቀ ሰው ሁኔታውን ይመዝግብ። የሚፈለገው ምልክት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ለሃጭ ማዝረክረክና መራወጥ ብቻ አይደለም። የድምፁ መለወጥ፣ መዋጥ ማቃት፣ የታችኛው መንጋጋ መንጠልጠል፣ የኋላ እግሮች መልፈስፈስ፣ እንጨትና ድንጋይ መንከስ፣ የወትሮው ኃይለኛ ውሻ ድንገት ፈዝዞ ጥግ ይዞ መተኛት፣ እነዚህ ሁሉ አስጊ ናቸው። በተለይ መዋጥ ማቃቱና የመንጋጋው መንጠልጠል ሰውን ያታልላሉ፤ አጥንት ተሰንቅሮበታል ብሎ አፉ ውስጥ እጁን የሚከት አይጠፋምና ማንም እንዳያደርገው። ምልክት ከታየ ወይም ውሻው ከሞተ አንጎሉ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህን ምርመራ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሂዳል። ጭንቅላቱ በዱላ ወይም በጥይት ከተሰባበረ ለምርመራ አይሆንም፤ ፎርማሊን ሳይነካው በበረዶ ቀዝቅዞ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ተቆርጦ ነው መላክ ያለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አሥሩ ቀን በሰላም ካለፈ በኋላ ይህ ውሻ ይኑር ወይስ ይሙት? ብዙ ሰው ይህን ሲያስብ የውሻውን «ተፈጥሮ» ይመረምራል፦ ክፉ ነው ወይስ ደግ፣ ደሙ ነው ወይስ አያያዙ እያለ። እኔ የምመረምረው ሌላ ነገር ነው። የሚናከስ ውሻ ጠባዩ ተለውጦ እንደማይነክስ ማንም ሐኪም ሊምል አይችልም፤ ሊባል የሚችለው ይህ ቤተሰብ በዚህ ግቢ፣ በዚህ በርና በእነዚህ ሰዎች ውሻውን ከሰው አካል አርቆ በየቀኑ ማቆየት ይችላል ወይም አይችልም የሚለው ብቻ ነው። ፍርዱ ግማሹ ከንክሻው ይገኛል፤ ሌላው ግማሽ ከቤቱ ነው።

ከንክሻው ልጀምር። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪምና የውሻ ጠባይ ባለሙያ ኢያን ደንባር ያዘጋጀው ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ በሙያችን በሰፊው ይሠራበታል። በመጀመሪያው ደረጃ ውሻው ያስፈራራል እንጂ ጥርሱ ቆዳ አይነካም፤ በሁለተኛው ጥርሱ ቆዳ ቢነካም አይበሳም፤ በሦስተኛው በአንድ ንክሻ ከአንድ እስከ አራት ቀዳዳ ይታያል፣ ጥልቀቱ ግን ከክራንቻው ቁመት ግማሽ አይበልጥም። አራተኛው ላይ ጥርሱ ከግማሽ በላይ ይጠልቃል፤ ውሻው የያዘውን አጥብቆ ይዞ ራሱን ወዲያና ወዲህ ሊያወዛውዝም ይችላል። አምስተኛው በአንድ ጊዜ ደጋግሞ በጥልቀት መንከስ ነው፣ ስድስተኛው የሰው ሞት። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ የአንድ ቁጥር ቢሆንም በተግባር የሰማይና የምድር ያህል ነው። እስከ ሦስተኛው ደረጃ ያለ ውሻ ተቆጥቶ እንኳ የመንጋጋውን ኃይል ይገታል፤ አራተኛው ላይ የደረሰ አይገታም፤ ይህ መግታት ደግሞ በቡችላነት የሚያድር እንጂ ላደገ ውሻ በቀላሉ የሚማር አይደለም። እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ የልጁ ንክሻ ሦስተኛው ላይ፣ የቆጣሪ አንባቢው ደግሞ ከሁለተኛው ወይም ከዚያ በታች ይወድቃል። ቁስሉን ያየው ሐኪም ስለ ጥልቀቱ ምን እንደጻፈ ግን ይጠይቁ፤ የእኔ ግምት በዚያ ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምክንያቱ ነው። ሁለቱም ጊዜ ተነካሹ የማይታወቅ ሰው ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ቦታው በሩ አካባቢ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ውሻው በሰንሰለት ላይ ነበረ ብዬ እገምታለሁ። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። መቼ፣ የትና በማን ላይ እንደሚነክስ የሚታወቅ ውሻ መከላከያ ሊበጅለት ይችላል፤ ሲያሻሹት ቆይቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ዘወር ብሎ የሚነክስ ውሻ ግን በማናቸውም ሰዓት አስጊ ነው። የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣበት መሸሽ ስለማይችል የቀረለት አማራጭ መናከስ ነው። የቆጣሪ አንባቢው ሱሪው ሲቀደድ ሮጦ ሲወጣም ውሻው የተማረው አንድ ነገር ነው፦ መናከስ እንግዳን ያባርራል። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተካሂዶ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር አነጻጽሮ፣ በግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩና ያልተኮላሹ ወንዶች በነካሾቹ ወገን በዝተው እንደተገኙ አሳይቷል፤ ላለመደበቅ ያህል ጀርመን ሼፐርድም ከተጠቀሱት ዘሮች አንዱ ነበረ። «ኃይለኛ ስለሆነ ነው እንጂ የታሰረው፣ ስለታሰረ አይደለም ኃይለኛ የሆነው» ብሎ የሚከራከር ሰው በከፊል ልክ ነው፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይመጋገባሉ። እኛ አገር ግን ችግሩ የሚብሰው ውሻው ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ሆን ተብሎ የሚሠራ ሥራ ስላለ ነው። ቡችላው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ሰው፣ ሕፃን፣ መኪናና ጃንጥላ ማየት ሲገባው ጨለማ ክፍል ይዘጋበታል፤ ጆሮው ይቆረጣል፤ ሰው እንዳይለምድ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሻ ጀግና አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ የሚናከሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃቱ የተነሣ ነው።

ሕመምም መረሳት የለበትም። ጆሮው ጫፍ ላይ ዝንብ ያቆሰለው፣ ጥርሱ የተበላሸ፣ ወይም እንደ ጀርመን ሼፐርድ ዝርያዎች ዳሌው የሚያመው ውሻ ትዕግሥቱ አጭር ነው። ከአሥሩ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሙሉ ምርመራና የእብድ ውሻ ክትባት ነው፤ ክትባቱም በየዓመቱ እንዲታደስ፣ ወረቀቱም እንዲቀመጥ ያድርጉ።

ከቤቱ የሚገኘው ግማሽ ፍርድ ግን ይከብዳል። በአብዛኞቹ የከተማችን ግቢዎች ስለ ውሻው የሚወስነው አንድ ሰው፣ ውሻውን የሚያውቀው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የሚያበላው፣ የሚያስረው፣ የሚፈታው፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው ነው፤ ባለቤቱ ማታ በመኪና ሲገባ ጅራቱን ሲወዘውዝለት ያያል፣ «የኔ ውሻ ምንም አይል» ይላል። ስለዚህ የምጠይቅዎ፦ ሠራተኛዋ ውሻውን ትፈራዋለች? በዚህ ዓመት ስንት ሠራተኛ ተቀይሯል? አዲስ የገባችው ስለ ውሻው ያስረዳት ማን ነው? ልጆችዎ ጓደኞቻቸውን ይዘው የሚመጡት ስንት ሰዓት ነው? ሠራተኛዋ የምትሰጠው መልስ ከእርስዎና ከባለቤትዎ ይልቅ ሚዛን ይደፋል። እባክዎ ለንክሻው ተጠያቂ አድርገው አያባርሯት፤ የግቢው ደኅንነት በአንዲት ሴት ትኩረት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከነበረ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው፤ ቆሻሻ የያዘ ሰው በሩን በጀርባው መግፋቱ የማይቀር ነው።

በሰጡኝ መረጃ መሠረት የእኔ አስተያየት ውሻው ሊኖር ይችላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ሁሉ በተግባር ከተደረጉ ብቻ እንጂ ከፊሉ ተደርጎ ከፊሉ «ቀስ በቀስ» ከተባለ አይደለም። አንደኛ፣ ሰንሰለቱ ይቅር። በጓሮ በኩል፣ ከመንገዱ በር ራቅ ብሎ፣ በጠንካራ የሽቦ አጥር የታጠረ፣ ጣሪያና ጥላ ያለው፣ ውሻው የሚንቀሳቀስበት ማቆያ ይሠራለት፤ የብረታ ብረት ሠራተኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ በመንገዱ በርና በግቢው መካከል ሌላ ዝቅ ያለ በር ይተከል፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። ቆራሌው፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ኳስ የሚፈልገው ልጅ፣ ሁሉም የሚቆሙት በሁለቱ በሮች መካከል ይሆናል። እኔ ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ውጤት የሚሰጥ የለም፤ ሥልጠናውም መድኃኒቱም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ሦስተኛ፣ በማቆያው በር ላይ ጓጉንቸር ይኑር፤ ቁልፉም በአንድ አዋቂ እጅ ይሁን። ማታ የሚፈታው የመንገዱ በር መቆለፉን አይቶ ያ ሰው ብቻ ነው፤ ጠዋት ልጆች ከመነሣታቸው በፊት የሚያስገባውም እርሱ ነው። በበዓል ቀን፣ በለቅሶና በእንግዳ ብዛት ውሻው ከማቆያው አይወጣም፤ ንክሻ የሚበዛው ሁሉም ሰው ሌላው ሰው ዘግቶታል ብሎ በሚያስብባቸው በእንደዚህ ያሉ ቀናት ነው።

በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ መለጠፍ ይጠቅማል፤ ኃላፊነትን ግን አያስቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ። ከሁለት ንክሻ በኋላ ደግሞ «አላሰብነውም» ማለት ለማንም አይዋጥም። የልጁን ሕክምና ወጪ ሳይጠየቁ ይክፈሉ፤ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ፤ ምን እያደረጉ እንደሆነም፣ ሁለተኛውን በርና የክትባቱን ወረቀት ጭምር አሳዩዋቸው። ጎረቤት የሚናደደው ስለ ንክሻው ብቻ አይደለም፤ ነገ ተመሳሳይ ነገር እንደማይደርስ ማንም ስላልነገረው ጭምር ነው።

ስለ ሥልጠና ጥቂት ልበል። ሲያጉረመርም መምታት ከስህተት ሁሉ የከፋው ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተዋል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብሎ ይነክሳል። የሚሠራው ተቃራኒው ነው፦ እንግዳ ሰው ውሻው ሳይቆጣ ሊያየው በሚችልበት ርቀት ላይ ይቆማል፣ የሚያበላው ሰው የሚወደውን ነገር ይወረውርለታል፣ እንግዳው ይሄዳል፣ ምግቡም ይቋረጣል፤ ይህ በሳምንታት እየተደጋገመ ርቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ከቅርጫት በተመሳሰለ፣ መተንፈስና ማለክለክ በማይከለክል የአፍ ማሰሪያም ውስጡ ምግብ እየተደረገ ቀስ ብሎ ይለማመድ፤ ለሐኪም ምርመራና ከግቢ ለሚወጣበት ሰዓት ሁሉ ያስፈልገዋል። ማኮላሸት መዞርንና ከሌሎች ወንዶች ጋር መጣላትን ይቀንሳል፤ ከፍርሃት የሚመጣን ሰው የመንከስ ጠባይ ግን በራሱ አያድንም፤ ስለዚህ ብቻውን መፍትሔ ነው ብሎ የሚያስከፍልዎ ሰው ካለ ይጠንቀቁ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ ጭንቀት የሚቀንሱ መድኃኒቶች አንዳንድ ውሾችን ይረዳሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይሰጡም።

የባለቤትዎን ሐሳብ፣ ማለትም ወደ ሱሉልታ መላኩን፣ ከሦስቱ ሐሳቦች ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ነው። ለሰው ቸርነት፣ ለውሻውም ነፃነት ይመስላል። ነገር ግን የሚሄድበት ግቢ ምናልባት አጥሩ ዝቅ ያለ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበት፣ ጎረቤት ሳያንኳኳ የሚገባበት ይሆናል፤ ውሻው ደግሞ ቦታና ሰው ሲቀየርበት ከፊተኛው የበለጠ ይፈራል። ዘመድዎ መንከሱን ሳያውቁ ከተቀበሉት አደጋውን ደብቀው አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው፤ አውቀው ከተቀበሉት ደግሞ ሁለት በርና ማቆያ አላቸው ወይ የሚለውን ጥያቄ ለእርሳቸውም ማቅረብ ይኖርብዎታል። አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው በጆንያ አስሮ ከከተማ ዳር መጣልንማ አልመልስበትም።

ውሻው ይገደል የሚለውን ወገን ክርክርም አልንቀውም። ከብሪታንያ የተገኘው ልምድ በዚህ ረገድ ያስተምራል። በ1991 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የአደገኛ ውሾች ሕግ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሰው የጎዳ ውሻ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መገደሉ ግዴታ ነበረ፤ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሕጉ ተሻሽሎ ዳኛው የመምረጥ ሥልጣን ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ውሻው በአፍ ማሰሪያና በገመድ እንዲያዝ፣ እንዲኮላሽ፣ ከተወሰነ ቦታ እንዳይወጣ እያለ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ በሕይወት እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታው ከተጣሰ ግን ውሻው ሊገደል ይችላል። ለእርስዎ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ዳኛው እርስዎ መሆንዎ ነው።

መገደል አለበት የምለው መቼ ነው? የሐኪሙ ማስረጃ ንክሻው ጥልቅ እንደነበረ ወይም ውሻው ይዞ እንዳወዛወዘ የሚያሳይ ከሆነ፤ ከአሁን በፊት ያልነገሩኝ ሌላ ንክሻ ካለ፤ የራስዎን ልጆች ወይም ሠራተኛዋን ካስፈራራ፤ ሁለተኛውን በርና ማቆያውን መሥራት የማይቻል ከሆነ፤ ወይም ቁልፉን የሚይዘው ሰው «እኔ ልይዘው አልችልም» ካለ። የመጨረሻው እንደ ሽንፈት መቆጠር የለበትም። በደመወዝ የሚተዳደር፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚወጣ ቤተሰብ አንድን አደገኛ እንስሳ ለቀጣዮቹ ስድስት ሰባት ዓመታት ያለ አንዲት ስሕተት መጠበቅ አልችልም ብሎ በሐቅ ቢናገር ከሚዋሽ ይሻላል። ዕድሜ ልኩን በአንድ ሜትር ሰንሰለት አስሮ ማቆየት እንደ ሦስተኛ አማራጭ ሲቀርብም እሰማለሁ፤ ያ ለውሻው ከሞት የማይሻል፣ ለሰውም አደጋውን የማያስቀር ነው።

እናትዎ ነፍስ ማጥፋት ነው ማለታቸውን አከብራለሁ። የሚያስጨንቃቸው ምናልባት ያዩት አገዳደል ሊሆን ይችላል፦ ዱላ፣ ገመድ፣ ወይም በስትሪክኒን የተመረዘ ሥጋ። በስትሪክኒን የሚሞት እንስሳ ራሱን ሳይስት ጡንቻው እየተኮማተረ፣ ትንፋሽ እያጠረው ነው የሚሞተው፤ የተረፈውን ሥጋም የሌላ ሰው ውሻ ወይም አሞራ ያነሣዋል። ማንም ይህን እንዲያደርግ አይፍቀዱ፤ ከጎረቤት አንዱ «እኔ አደርገዋለሁ» ብሎ ቢመጣም ጭምር። በሐኪም እጅ ሲሆን ውሻው በሚያውቀው ቦታ፣ በሚያበላው ሰው ፊት በቅድሚያ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል፤ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ከመጠን ያለፈ የማደንዘዣ መድኃኒት፣ በአብዛኛው ፔንቶባርቢታል፣ በደም ሥሩ ይሰጠዋል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ልቡ ይቆማል። ይህ መድኃኒት በየክሊኒኩ ሁልጊዜ ላይገኝ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከሌለ ሐኪሙ ውሻውን በሌላ መድኃኒት ፍጹም ካደነዘዘ በኋላ ልብ የሚያቆም መድኃኒት ሊጠቀም ይችላል፤ ሳይደነዘዝ ግን ምንም ነገር እንዳይወጋ። በመድኃኒት የሞተ አስከሬን አሞራና ውሻ እንዳያገኘው በጥልቀት ይቀበር።

ከንክሻው አራት ቀን ስላለፈ የቀረዎት ስድስት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ብረታ ብረት ሠራተኛ ጠርተው የሁለተኛውን በርና የማቆያውን ዋጋ ያስተምኑ፤ ከሠራተኛዋ ጋር ብቻዎን ተቀምጠው ያነጋግሩ፤ የልጁን የሕክምና ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ። በአሥረኛው ቀን ውሻውን ለሐኪም ሲያሳዩ ሦስቱን መልሶች ይዘው ይሂዱ፤ ውሳኔው ከዚያ በኋላ ለሐኪሙም ለእርስዎም የሚከብድ አይሆንም።